ከሚሊዮን ንጣፍ አንዷ

ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ግንበኞች ናቸው። ውሃ ልክ ማለት ያቺ በሆዷ ውሃ የያዘች፣ በውሃው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ወዲያ ወዲህ የምትልባት የግንበኛ መለኪያ ናት፤ አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ወለሉ ቀጥ ብሏል፣ ወደ ጎን ከሸሸች አንድ የሰነፈ ሰው አለ ማለት ነው። ሰውየውም እንዲሁ ነው። ምግብ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው እንደማይነቃነቅ በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ሳያረጋግጥ አያዝም። ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ ደግሞ ወለሉ ላይ አፍጥጦ ስለሚቀር፣ ሚስቱ በክርኗ እየጎሰመች «ቀና በል እንጂ፣ የጠፋብህ ነገር ያለ ይመስላቸዋል» ትለዋለች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲያጓራ ይውላል። ይህን ታሪክ በእሷ በኩል ብናየው ይሻላል፣ ምክንያቱም እሱን ስለ ሕይወትህ ንገረን ቢሉት የሚያወራው ስለ ሲሚንቶ ነው።

የሰውየውን ዋና ጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሚስቱና አንዲት ልጁ ብቻ ነበሩ። ውሃ ልክ ወለል አንጣፊ ነው፤ በሕይወቱ ያነጠፈውን ንጣፍ ሁሉ ደግሞ ቆጥሯል። ሁሉ ስል ሁሉ ነው። ሥራ ከጀመረባት ቀን አንስቶ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደብተር ጽፏል፤ ደብተሮቹ አሥራ አንድ ደርሰው አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል። በየገጹ የቦታው ዓይነት አለ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የእከሌ ሳሎን፤ ቀጥሎ ቁመት፣ ወርድ፣ የሁለቱ ብዜት፣ ከሥሩ ደግሞ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ድምር። ስንት እንደተከፈለው ግን አንድም ገጽ ላይ የለም። ሚስቱ አንዴ ምነው ብላ ብትጠይቀው «እሱማ ያልቃል» አላት።

አቆጣጠሩም የራሱ ነው። አንድ፣ ሁለት እያለ አይቆጥርም፤ «እሱ የጫጩት ቆጠራ ነው» ይላል። ወለሉ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ በአንዱ ግድግዳ ሥር የተደረደሩትን ይቆጥራል፣ በሌላው ግድግዳ ሥር ያሉትን ይቆጥራል፣ ሁለቱን በልቡ ያባዛና ይጽፋል። ማዕዘን ላይ ተቆርጦ የገባ ንጣፍ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ የተረፈው ቁራጭ ሌላ ጥግ ከገባ ግን ይቀነሳል፤ አንድ ንጣፍ ሁለት ጊዜ አይወለድም። የሰው እጅ የነካውማ ጭራሽ አይገባም። አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሲመለስ፣ ግድግዳ የሚለስነው ጓደኛው፣ ለሳኙ፣ ላግዘው ብሎ አሥራ አራት ንጣፍ አንጥፎ ጠበቀው። ውሃ ልክ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ጥጥ ተሞልቶ፣ አንዲት ቃል መተንፈስ ሳይችል ደብተሩን አወጣና «ሲቀነስ 14» ብሎ ጻፈ። ለሳኙ ይህን ባወራ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል። «ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ ከዕድሜው ላይ አሥራ አራት ቀነሰ!» ይላል።

ቁጥር ለውሃ ልክ እንደ ጎረቤት ነው፤ ጠባዩን ያውቀዋል። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ግን ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ቁጥርን በእጁ ይዳስሰዋል። ሃያ አራት ንጣፍ ብትሰጡት ሦስት በስምንት ይሆንለታል፣ አራት በስድስት ይሆንለታል፣ ሁለት በአሥራ ሁለት ይሆንለታል፤ ይህን «ተግባቢ» ይለዋል። ሃያ ሦስት ግን አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ከመርዘም በቀር የትኛውንም ክፍል አይሞላም፤ እንዲህ ያለውን «ደረቅ» ይለዋል። ልጁ አድጋ የሂሳብ መምህርት ስትሆን፣ ደረቆቹ በትምህርት ብቸኛ ቁጥር እንደሚባሉ ነገረችው። «ሲያንሳቸው ነው፤ እንደዚያ ሆነው ማን ያቀርባቸዋል?» አለ።

ከሁሉ የሚወደው ካሬውን ነው፤ ቁመቱና ወርዱ እኩል የሆነውን። አንድ የምሳ ሰዓት በተረፉ ንጣፎች ሲጫወት አንዷን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሦስት ሲያዞርባት ሁለት በሁለት ሆነች። በዚያ ላይ አምስት ሲያዞር ሦስት በሦስት፣ ሰባት ሲያዞር አራት በአራት። ቤቱ መጥቶ ለሚስቱ «ካሬ የሚያድገው ጎደሎ ቁጥር እየበላ ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አንዱንም አይዘልም» ሲላት ዓይኑ ያበራ ነበር። እሷ ኮሌታ እየገለበጠች ነበርና «አንተስ ምሳህን በላህ?» አለችው። አልበላም ነበር።

እሷን ያቃጠላት ሌላ ነው። የዚህ ሁሉ ወለል ጌታ የራሱ ማድ ቤት ሲሚንቶ ነው፤ ያውም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ ውሃ ሲፈስበት ጥግ ላይ የሚያቁር። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ» ትለዋለች መጥረጊያዋን እያነሳች።

«ያንቺ ቀን አለው» ይላታል።

«ቀኑ ሸበተ እኮ!»

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበራት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዘችው። በተጋቡ በሁለተኛው ወር ውሃ ልክ የአንድ ፖስታ ቤት አዳራሽ እያነጠፈ ነበር፤ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ይዛለት ሄደች። ስትደርስ ሰው የለም። እሱ ከጓሮ ካለው በርሜል ውሃ ሊቀዳ ወጥቷል። ወለሉ ሙሉ ለሙሉ ተነጥፎ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጥግ የአንዲት ንጣፍ ቦታ ብቻ ቀርታለች። ሲባጎው እንደተወጠረ ነው፤ የተቦካው ሲሚንቶ በባልዲ አለ፤ ንጣፏም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሙሽራዋ ግራ ቀኝ አየች። ሰንደሏን አወለቀች፤ ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያው አንስታ አነጠፈች፤ ንጣፏን አስቀመጠች፤ እሱ ሲያደርግ ስታይ እንደከረመችው በመዶሻው እጀታ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ አደረገቻት። ከዚያ ውሃ ልኩን አስቀመጠችባት። አረፋዋ ተንሸራትታ፣ ትንሽ አመንትታ፣ መሃል ላይ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ የተደሰተችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እሱ ሲመለስ ጥግዋን አየና ግንባሩን አከከ። «ጨርሼ ነበር እንዴ?» አለ ለራሱ። ከንጋት ጀምሮ ተንበርክኮ የዋለ ሰው የመጨረሻዋን ይርሳ አይርሳ በምን ያውቃል? እሷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቋን አፍና ልትነግረው ስትል፣ የሥራው ተቆጣጣሪ ከች አለና ወለሉን ዞሮ «እጅህ ይባረክ» አለው። ውሃ ልክ በሩ ላይ ቆሞ አባዛ፤ ሠላሳ ሰባት በሃያ ሦስት፣ ስምንት መቶ ሃምሳ አንድ። እሷ ማታ እነግረዋለሁ አለች። ማታ ደግሞ አንድ ሰው ያልደረቀ ወለል ረግጦበት ኖሮ ተቆጥቶ ገባ፤ የሰው እጅ፣ የሰው እግር በሥራዬ እንዳይገባ እያለ ሲያጉረመርም ነገ ይሻላል ብላ ተወችው። ነገ ሲባል ዓመት ሆነ። የቆጠራውን ደብተር ያሳያት በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያን ቀን ከስምንት መቶ ሃምሳ አንዱ አንዷ የእሱ እንዳልሆነች ሲገባት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ሆድ ይፍጀው አለች።

የዛሬ ሰባት ዓመት ቆጠራው አንድ ሚሊዮን ሞላ። ሺህ በሺህ የሆነ ካሬ! ውሃ ልክ ያን ሰሞን ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ልጁ ግን ወረቀት አወጣችና «አባዬ፣ ሚሊዮንማ ዜሮ ብቻ ነው፤ ይልቅ ይቺን እያት» አለችው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድን በራሱ አባዝታ አሳየችው፤ 1,234,321። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ይወጣል፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ ይወርዳል። ከግራም አንብበው፣ ከቀኝም አንብበው፣ ያው ነው።

አባትየው ወረቀቱን ገለበጠው፤ መነጽሩን ወለወለ፤ እንደገና አየው። «ካሬ ነው?»

«ሙሉ ካሬ። ደግሞ ሌላ አለው። ከአንድና ከራሱ ጋር ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው ያለ ቀሪ የሚያካፍለው።» ዘረዘረችለት፤ 1፣ 11፣ 101፣ 121፣ 1111፣ 10201፣ 12221፣ 112211፣ መጨረሻ ራሱ 1234321። «አሁን አንድ በአንድ ከኋላ አንብባቸው።»

አነበበ። ዘጠኙም ከኋላም ከፊትም አንድ ነበሩ። ውሃ ልክ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው። እንዲህ ያለ ወለል ያየ ሰው ይመስል ነበር፤ አንድ መስመር ያልተዛነፈበት፣ ብትከፍለው እንኳ ክፋዩ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ። «ቤተሰቡ ሁሉ ጨዋ ነው» አለ በመጨረሻ። ልጁ፣ ንጣፎችህ መጠናቸው ስለሚለያይ አንድ ሜዳ ላይ ቢሰበሰቡ ካሬ አይወጣቸውም፣ አንዳንዶቹ ሃያ በሃያ ሳንቲሜትር፣ አንዳንዶቹ ስድሳ በስድሳ ናቸው ብላ ልትከራከረው ሞከረች። «ጉልበቴ ሁሉንም እኩል ነው የሚያውቃቸው» አላት። ከዚያ ጣቱን 121 ላይ አሳረፈ። «ይቺን አውቃታለሁ። አሥራ አንድ በአሥራ አንድ። የእናትሽ ማድ ቤት ናት፤ ለክቻታለሁ።» አካፈለና ሳቀ። «ሠርቼ ሠርቼ እዚያ ስደርስ አሥር ሺህ ሁለት መቶ አንድ ማድ ቤት ሠራሁ ማለት ነው!»

ከስፌት መኪናው በኩል መልስ መጣ። «አሥር ሺህ ሁለት መቶ ማድ ቤት ለሰው፣ ለኔ ስንጥቅ ሲሚንቶ! እግዜር ያሳይህ!»

«የመጨረሻዋ ያንቺ ናት» አላት። ያን ጊዜ ነው የገባት። ለካ ረስቷት አልነበረም፤ ማድ ቤቷን ለመዝጊያ ነበር ያስቀመጣት። የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ የፖስታ ቤት ንጣፍ ትዝ አለቻት።

ዘንድሮ ጉልበቱ አለቀ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን በመብራት ላይ ሰቅሎ «አባቴ፣ ከእንግዲህ እርስዎ አይንበረከኩም» አለው። በዚያ ቀን ድምሩ 1,233,000 ላይ ነበር።

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ» አለ ውሃ ልክ።

ሐኪሙ የሰማውን አላመነም። «ምኑን ነው አንድ ሺህ ሦስት መቶ?»

ባይፈቅድም ሠራው። የጤና ጣቢያ ኮሪደር ስምንት በመቶ ሃምሳ፣ ሺህ ሁለት መቶ ንጣፍ፣ ጉልበቱ ላይ የአሮጌ ትራስ ስፖንጅ አስሮ በሁለት ወር ጨረሰ። ከዚያ ቤቱ ገባና ሲሚንቶ አቦካ። የሰፈሩ ሰው ሥራ አቁሟል ብሎ ሲያስብ፣ እሱ በሚስቱ ማድ ቤት በቀን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ያነጥፍ ነበር፤ በቀን አንድ መስመር። በአሥራ አንደኛው ቀን የመጨረሻዋን በመዶሻው እጀታ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ አደረጋት። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ አባዛና ጻፈ፤ 1,234,321። ሚስቱ የዚያን ቀን በባዶ እግሯ አዲሱ ወለል ላይ ቆማ አለቀሰች። እሱ በደስታ ነው ብሎ አሰበ። ግማሹ እውነት ነበር።

ልጁ ወሬውን ስትሰማ ከአባቷ ብሳ ተገኘች። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ትልቅ ቁጥር መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስላቸዋልና፣ ይህን ቁጥር በእጁ የሠራ ሰው መጥቶ እንዲነግራቸው ፈለገች። ውሃ ልክም እሺ አለ፤ ለሦስት ቀን በመስተዋት ፊት ተለማመደ። «እያንዳንዷን በነዚህ እጆች ነው ያነጠፍኳት» እያለ መዳፎቹን ወደ መስተዋቱ ይዘረጋል። ልብስ ሰፊዋ በሰማች ቁጥር መርፌው ጣቷን ሊወጋት ይደርሳል። ብትናገር፣ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልፋቱ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊፈርስ ነው። ዝም ብትል፣ ከለሳኙ አሥራ አራት እንኳ አልቀበልም ያለውን ሰው በልጆች ፊት ውሸት ልታናግረው ነው፣ ያውም ሳያውቀው። እሱ ውሸቱን ባያውቅ እሷ ታውቃለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ዘንድ ያደረው ግን መጥራቱን ትቶ ከብዶ ነበር።

የቀጠሮው ጠዋት ኮቱን ተኩሳ ሰጠችው። ማድ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ዓይኑ እንደልማዱ ወለሉ ላይ ነው።

«አንተ» አለችው።

«እ?»

«ያ ቁጥር... አንዷ ያንተ አይደለችም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ማለትሽ ነው ይል ነበር። ውሃ ልክ ቀና ብሎ «የቷ?» አለ።

ነገረችው። የፖስታ ቤቱን፣ በርሜሉን፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ጥግ፣ ሰንደሏን ማውለቋን ሳይቀር። ስትጨርስ አንዱን ጫማ ብቻ እንዳጠለቀ ወደ መኝታ ቤት ሄደ፤ ካርቶኑ ሲጎተት ሰማች። የመጀመሪያውን ደብተር ይዞ መጣ፤ ዳር ዳሩን ሲሚንቶ የበላው። ገጹን አገኘው። ሠላሳ ሰባት በሃያ ሦስት። ቁጥሩን በጣቱ ሲዳብስ አየችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፏን የጠላችበት ቀን የለም።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አላት።

«መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ከዚያ ፈራሁህ። ከዚያ ደግሞ አሳዘንከኝ።»

«ፈራሁህ?» ደብተሩን ዘጋው። ከጠፋው ካሬ ይልቅ ይቺ ቃል እንደወጋችው ከፊቱ ታየ። «እኔን ነው የፈራሽኝ? ለአንዲት ንጣፍ?»

«ለአሥራ አራት ንጣፍ ከለሳኙ ጋር ስንት ወር ተኮራርፈህ የለ።»

ደብተሩን በርጩማው ላይ አስቀመጠ። ወለሉን ማየት ጀመረ፤ እሷ አኩርፏል ብላ ደነገጠች። እሱ ግን እየቆጠረ ነበር። በጣቱ የበሩን ጥግ አመለከተ። «ከዚህ ማድ ቤት አንዷን አውጪ እስኪ። ከዚያ መስመር አሥር ቀሩ አይደል? አሥሩን አንሺና በዚህኛው ጎን አቁሚያቸው። ምን ሆነ? አሥር በአሥራ ሁለት።» አሁን ድምፁ ትንሽ ተመልሷል። «ከየትኛውም ካሬ አንዷን ስታወጪ እንደዚያ ነው፤ በአንድ በኩል አንድ ያጥራል፣ በሌላው አንድ ይረዝማል። የኔም አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር በአንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ካሬ አይደለም። ወለል ግን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ዘላ ተነሳች። ከበሩ ጀርባ ካለው ካርቶን የተረፉ አራት ንጣፎች ነበሩ፤ አንዷን አምጥታ ሰጠችው። «ይኸው! አንዲት ናት፤ ከደጃፉ አንጥፋትና ይሙላልህ። ሲሚንቶውን እኔ አቦካለሁ። ገና ሰዓት አለን።»

ንጣፏን ተቀበላት፤ በመዳፉ መዘናት፤ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳበሳት። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረው። በሕይወቱ ይህን ያህል የተመኘው ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ መንበርከክ ብቻ ነበር የቀረው።

«በዚች ከሞላሁት ያንቺዋ የት ትሄዳለች?» አላት።

«የኔዋማ የትም። ማን ቆጠራት?»

«እኮ» አለና ንጣፏን ወደ ካርቶኑ መለሳት። «ውሃ ልኩን ያዢ። ፖስታ ቤቱ መንገዳችን ላይ ነው።»

ፖስታ ቤቱ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ወለሉ ግን ያው ነው፤ ሰልፍ የሚቆምበት መሃሉ በጫማ ተልጦ ዳር ዳሩ ገና ያብለጨልጫል። ከመስኮቱ ሥር የእንግዳ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦበታል። ውሃ ልክ ቴምብር ለምትሸጠው ሠራተኛ ወንበሩን ማንሳት እንደሚፈልጉ ነገራት። «የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለች ሠራተኛዋ። ልብስ ሰፊዋ በስንት ዓመቷ ሳቋ መጣ። «አዎ፣ አንድ ነገር» አለቻት።

እሱ መንበርከክ ስለማይችል የተንበረከከችው እሷ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጥግዋን በመሃረቧ ጠርጋ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠች። አረፋዋን ለማየት አጎንብሳ ፊቷን አቀረበች።

«የት ናት?» አላት ከላይ።

«መሃል።»

«አዙሪና በሌላው በኩል አስቀምጪው።»

አዞረችው። «መሃል ናት።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ተረግጣ አልሰመጠችም» አለ። ግድግዳውን ተደገፈ። «ታውቂያለሽ? አንድም ካሬ ነው። አንድ በአንድ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስከተለው የኖርኩትን አንቺ በአንድ የምሳ ሰዓት ጨርሰሽ ተቀምጠሻል።» ይህን ያለው እየቀለደ አልነበረም። እጁን ዘርግቶ አነሳት፤ ማን ማንን እንዳነሳ እንኳ በውል አይታወቅም፣ ሁለቱም አቃሰቱ።

ክፍሉ ውስጥ አርባ ምናምን ተማሪ ነበር። መምህርቷ አባቷን ከፊት አቆመች፤ እናቷ ከኋላ፣ በራሷ እጅ ከሰፋቻቸው ዩኒፎርሞች መሃል ተቀመጠች። ውሃ ልክ በመስተዋት የተለማመደውን ንግግር አላደረገም። ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ በትልልቁ 1,234,320 ብሎ ጻፈ።

መምህርቷ ቀረብ አለች። «አባዬ፣ መጨረሻዋን ተሳስተሃል» አለችው ቀስ ብላ።

«አልተሳሳትኩም። በነዚህ እጆች ያነጠፍኩት ይኸው ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ መዳፎቹን ለልጆቹ እያሳየ። «እስኪ ከግራ አንብቡት።» አነበቡ። «አሁን ከቀኝ።» ልጆቹ ጀመሩና ከዜሮው ላይ ተንተባተቡ። «አልመጣም አይደል? አንድ ጎድሎት ነው። የጎደለው ደግሞ ከኋላችሁ ተቀምጧል።»

አርባ ምናምን አንገት ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ጠመኔውን ዘርግቶ እየጠበቃት ነበርና ተነሳች። በመቀመጫዎቹ መሃል አልፋ ሰሌዳው ጋ ደረሰች። ዜሮውን በመዳፏ ጠረገችው፤ በቦታው ቀጥ ያለች አንድ ጻፈች። ልጆቹ ሳይታዘዙ ከግራ አነበቡት፤ ከቀኝም አነበቡት። ክፍሉ ጫጫታ ሆነ። ውሃ ልክ በዚህ መሃል አሥራ አንደኛውን ደብተር ከኮቱ ኪስ አውጥቶ፣ ከመጨረሻው ድምር ሥር የሆነ ነገር ይጽፍ ነበር። መምህርቷ በትከሻው በኩል አየችው። «ሲቀነስ 1» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ሲደመር 1፣ የእሷ»።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ እርስዎስ ስንት አነጠፉ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ አየች፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ።

«አንድ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።